ሰዓቱን ከመቼ ጀምሮ ነው የቆጠርሽው?

አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ትምህርት ቤት የተማርነው 100 ዲግሪ የባህር ዳርቻ ቁጥር ነው። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሩ ሳሳ ይላል። ውሃውን ከላይ የሚጫነው ነገር ስለሚቀል ቶሎ ይንተከተካል። ነርሲንግ ስማር መምህራችን ይህን ሲነግረን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ፈተና ላይም መለስኩት። ከዚያ ረሳሁት። ነገሩ በትክክል የገባኝ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ ያውም በሌሊት፣ መብራት እየጠፋ በሚመጣበት አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ።

እኛ ቤት "ፈላ" የሚለው ቃል ትልቅ ሥልጣን ነበረው። ውሃው ፈላ ከተባለ ይጠጣል። ወተቱ ፈላ ከተባለ ለሕፃን ይሰጣል። ስንት ደቂቃ ፈላ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠይቅም ነበር።

ጤና ጣቢያው ደጋ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከፍ ይላል። የማዋለጃ እቃ የምናመክንባት፣ ማለትም ጀርሙን ሁሉ የምንገድልባት፣ አንዲት ትንሽ ኦቶክሌቭ ነበረችን። ኦቶክሌቭ አይታችሁ የማታውቁ ፕሬዠር ኩከርን አስቡ፤ ሥራቸው አንድ ነው። ክዳኑ ግጥም ብሎ ይዘጋል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱም ውሃ ከሚፈላበት በላይ ይወጣል። እኛ የምንፈልገው 121 ዲግሪ ነው። ያልተጠቀለለ እቃ እዚያ ሙቀት ላይ 20 ደቂቃ ይቆያል። በጨርቅ የተጠቀለለ ከሆነ 30 ደቂቃ።

አንድ ሌሊት፣ ወደ 8 ሰዓት ገደማ፣ ምጥ የያዛት ወጣት መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ቀኑን ሙሉ ስናዋልድ ስለዋልን የተዘጋጀ እቃ አልቋል። አንድ ጥቅል አጥበን፣ ጠቅልለን፣ ኦቶክሌቭ ውስጥ ከተትን። የግፊቱ መርፌ ቦታው ላይ ሲደርስ ሰዓቴን አየሁ። 18ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ።

ተመልሶ ሲመጣ መርፌው ወርዶ ነበር። እንደገና እስኪወጣ ጠበቅኩ። ከዚያ 12 ደቂቃ ቆጠርኩ። 18 እና 12፣ 30። እንፋሎቱን ልለቅ እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"ሲስተር፣ ሰዓቱን ከመቼ ጀምሮ ነው የቆጠርሽው?"

እቃ በማጠብና በማምከን ብዙ ዓመት የቆዩ ሰው ነበሩ። ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ሒሳቤን ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ድካም ግን ነበር።

"ልጄ፣ ይሄ እንደ ዕቁብ አይደመርም። መርፌው ከወረደ ከዜሮ ነው።"

አዋላጇ በሩ ላይ መጥታ ትጣራለች። "ደረሰ ወይ?" ትላለች። ጋሼ "አልደረሰም" አሏት። እኔ ሁለቱን እያየሁ ቆምኩ። ከዚያ ሰዓቴን ከዜሮ ጀመርኩ። እነዚያን 30 ደቂቃዎች እስከ ዛሬ አልረሳቸውም። ደግነቱ የበኩር ምጥ ረጅም ነው። ልጁ የተወለደው ሊነጋጋ ሲል ነው። እትብቱ የተቆረጠው በዚያ መቀስ ነው።

ሲነጋ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ፣ ጋሼን "ለምን ግን አይደመርም?" አልኳቸው። መልሳቸው አጭር ነበር። "የተረፈው ምን ያህል እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?" አሉኝ። የቀረውን ራሴ መጽሐፍ ገልጬ ነው ያገኘሁት። ስማር ያለፍኩበት ገጽ ነበር።

ባክቴሪያ ሙቀት ሲያገኘው ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሞትም። በእያንዳንዱ የጊዜ እርከን ካለው ውስጥ ተመሳሳይ ድርሻ ይሞታል። ሙቀቱ በአንድ ደቂቃ ከአሥሩ ዘጠኙን ይገድላል እንበል። ከአንድ ሚሊዮን ተነሱ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ መቶ ሺህ ይቀራል። ከዚያ አሥር ሺህ። ከዚያ አንድ ሺህ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ገና አንድ አለ። አንድም እንዳይቀር ከፈለጋችሁ ከዚያም ማለፍ አለባችሁ። በመሃል ሙቀቱ ሲወርድ ምን ያህል እንደቀረ፣ ጥቅሉ ውስጥ ምን ያህል ቀዝቃዛ አየር እንደገባ የሚያይ ዓይን የለንም። ስለዚህ ከዜሮ እንጀምራለን።

በተቃራኒው ደግሞ የመራባቱን ፍጥነት አስቡ። አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ምቾት ካገኘ በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል። በሦስት ሰዓት 512። በሰባት ሰዓት ከ2 ሚሊዮን በላይ። ማታ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ወጥ ጠዋት ሲሸት የምናየው የዚህን ሒሳብ ውጤት ነው። ፍሪጅም ቢሆን ሰዓቱን ያዘገየዋል እንጂ አይገድልም። ብዙ ሰው ፍሪጅ የገባ ነገር ሁሉ የዳነ ይመስለዋል። ስታወጡት ሰዓቱ ካቆመበት ይቀጥላል።

የዚያ ሌሊት መቀስ ላይ የምንፈራው ግን ከኢ ኮላይ የባሰ ነው። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ይኖራል። ኑሮ ሲከብደው ራሱን በወፍራም ቅርፊት ጠቅልሎ እንደ ዘር ይተኛል። አባሰንጋም እንዲሁ ነው፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ይህን ዘር መደበኛ አልኮል አይነካውም። የፈላ ውሃም አይበቃውም፤ በተለይ የኛ 92 ዲግሪ። የእምብርት ቁስል ላይ ሲያርፍ ግን ይነቃል። ስንት ሕፃን በምላጭና በአፈር ምክንያት እንደሞተ አያቶቻችን ያውቃሉ። ለዚህ ነው ከፈላ ውሃ በላይ የሚሄድ ነገር ያስፈለገው። በ1879 (እ.ኤ.አ.) ኦቶክሌቭን የሠራው ሻርል ሻምበርላን የፈረንሳዊው ሳይንቲስት የፓስተር የሥራ ባልደረባ ነበር። ግፊት እንፋሎትን ዘሩ ከሚችለው በላይ እንዲግል ያደርገዋል።

ጋሼ የግፊት መለኪያው ላይ በቀይ ቀለም የሳሉት መስመር ነበራቸው። መጽሐፉ ከሚለው ቁጥር ከፍ ያለ ነው። ባህር ዳርቻ ላይ 15 ፓውንድ ግፊት 121 ዲግሪ ይሰጣል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ግን መለኪያው ከ3 እስከ 4 ፓውንድ ያህል ጨምሮ ማሳየት አለበት። የሳሳውን አየር ማካካስ ነው። "መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ቆላ ነው የሚኖሩት" ይሉ ነበር። ያን ቀይ መስመር ማን እንዳስተማራቸው አልጠየቅኳቸውም። ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሳቸው የተማርኩት ሌላው ነገር ማጠብ ነው። ነርሶች ሆነን ማጠብን እንንቃለን፤ የጽዳት ሠራተኛ ሥራ ይመስለናል። ጋሼ የእያንዳንዱን መቀስ ማጠፊያ በትንሽ ብሩሽ ይፈትጉ ነበር። እዚያ ሥር የደረቀ ደም ይቀራል። ደሙ ከሥሩ ላለው ጀርም ጋቢ ነው። እንፋሎቱ በደንብ አይደርሰውም። በረኪናም ቢሆን ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። 5 በመቶ የሆነውን የሱቅ በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ደም የፈሰሰበትን ወለል ልታጸዱ ነው እንበል። መጀመሪያ ደሙን ጥረጉት። ከዚያ በረኪናውን አፍሱና 10 ደቂቃ ተዉት። እኛ የምናደርገው ግን አፍሰን ወዲያው መጥረግ ነው። ሽታው ከመጣ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። (በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሰው ይጎዳል።)

ስለ ሽታ ካነሳሁ ስለ ቪየና ልናገር። ይህን ታሪክ ያነበብኩት ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው። ስለ ጀርም የማስበውን ሁሉ የቀየረው እሱ ነው።

በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ትልቁ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። አንደኛው ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው የሚሠሩበት፣ ሁለተኛው አዋላጆች የሚሠሩበት። በአንደኛው ክፍል የሚሞቱት እናቶች ከሁለተኛው እጅግ ይበዙ ነበር። እናቶቹም ያውቁታል። ሁለተኛው ክፍል እንዲመደቡ እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። ኢግናዝ ዘሜልቫይስ የሚባል ወጣት ሐኪም ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። በ1847 (እ.ኤ.አ.) ያኮብ ኮሌችካ የሚባል ወዳጁ ሬሳ ሲመረምር በተማሪ ቢላ ጣቱን ተቆርጦ ሞተ። አሟሟቱ የነዚያ እናቶች ዓይነት ነበር። ዘሜልቫይስ ያኔ ገባው። ሐኪሞቹ ጠዋት ሬሳ ይመረምራሉ። ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ወደ ማዋለጃው ይሄዳሉ። እጃቸው ሲያዩት ንጹህ ነው። የሬሳው ሽታ ግን አይለቅም።

ስለዚህ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። የበረኪና ዘመድ ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ በአንደኛው ክፍል ከመቶ እናቶች ከ18 በላይ ሞተው ነበር። ሐምሌ ላይ ከመቶ አንድ ገደማ ሆነ። ጀርም የሚባል ነገር ገና አይታወቅም። ማይክሮስኮፕ ውስጥ ያየው ነገርም የለም። የነበረው መለኪያ አፍንጫው ብቻ ነው። ያ መለኪያ ግን ሰዎቹን ረጅም ጊዜ እንዲታጠቡ አደረጋቸው።

አብዛኞቹ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። የተከበረ ሐኪም እጅ ሞት ይሸከማል መባሉን መስማት አልፈለጉም። በ1865 (እ.ኤ.አ.) የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ፤ ገና 47 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጆሴፍ ሊስተር የሚባል ሐኪም ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ የአንድ የ11 ዓመት ልጅ የተሰበረ እግር ላይ በካርቦሊክ አሲድ የራሰ ጨርቅ አሰረ። ቁስሉ ሳይመረቅዝ ዳነ።

ካርቦሊክ አሲድ ሌላ ስሙ ፌኖል ነው። ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። የእንጨት ጭስ ውስጥ የፌኖል ዘመዶች አሉ። አያቴ የወተት ቅሏን በወይራ ታጥን ነበር። ፍሙን በቅሉ አፍ ታስገባና ታዞረዋለች፤ ጭሱ ውስጡን ሁሉ እስኪሞላው ትጠብቃለች። ለጣዕም ነው ብላ ነው የምታምነው። ጣዕሙም እውነት ነው። ግን በወይራ የታጠነ ቅል ውስጥ የገባ ወተት ቶሎ እንደማይበላሽ ታውቅ ነበር። ሊስተር በጠርሙስ ያደረገውን እሷ በጭስ አድርጋዋለች። ቤቷን ሙሉ ብታዩት እንዲህ ነው። ሥጋውን ጨውና በርበሬ ለውሳ ቋንጣ ስታደርገው ውሃውን እየነሳች ነው፤ ውሃ የሌለበት ጀርም አይራባም። የጤፍ ቡኮው በእርሾ ሲቦካ ጥሩዎቹ ተህዋስያን አሲድ እየሠሩ መጥፎዎቹን ያባርራሉ። እርጎውም እንዲሁ። ሁሉም ትዕግሥት ይፈልጋል። ቡኮ በአንድ ሰዓት አይቦካም።

አያቴ ሰዓት አልነበራትም። ቅሉን የምታጥነው አቡነ ዘበሰማያት እየደገመች ነው። ልጅ ሆኜ ለወተቱ የምትጸልይ ይመስለኝ ነበር። ትጸልይም ይሆናል። አሁን ሳስበው ግን ሰዓቷም ነበር። አንዱን ቀስ ብላ ስትደግም ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ስንት ጊዜ መደገም እንዳለበት ታውቃለች፣ አታሳጥርም።

ጭሱ ሁሉን ይችላል እያልኩ አይደለም። ጥሬ ወተት የከብት ቲቢና ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊይዝ ይችላል። እሱን የሚያስቆመው ማፍላት ነው። ፋብሪካዎች 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ወይም 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ ያቆዩታል። ሙቀቱ ሲጨምር ጊዜው ያጥራል፣ ሙቀቱ ሲቀንስ ይረዝማል።

ጭስ የማይችለውን የሚያሳይ ሌላ ታሪክም አለን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። በሽታው ዓለምን ሁሉ የዞረው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 በሚካኤል ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆነ፤ "ኅዳር ሲታጠን" እንላለን። በሽታው ከመጥፎ ሽታ ይመጣል የሚለው እምነት ያኔ ብዙ ቦታ ነበር። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በ1933 (እ.ኤ.አ.) ነው። የሚተላለፈው በትንፋሽና በእጅ ስለሆነ የሰፈሩ ጭስ አያገኘውም። ቆሻሻው መነሳቱ ግን ዝንብን ይቀንሳል፣ በዝንብ የሚመጣውንም በሽታ። ስማር "የኢንፌክሽን ሰንሰለት" የሚባለው ነገር የገባኝ በዚህ ነው። ጀርሙ የሚኖርበት ቤት አለው። የሚወጣበት በር አለው። የሚሄድበት መንገድ አለው። የሚገባበት በርና የሚቀበለው ደካማ ሰው አለ። አንዱን ቦታ ብትቆርጡ ይበቃል። የት እንደምትቆርጡ ለማወቅ ግን መንገዱን ማወቅ አለባችሁ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ መንገዱ እጃችንና ትንፋሻችን ነበር። በየባንኩና በየካፌው በር ቧንቧ የተገጠመላቸው ጀሪካኖች ተደረደሩ። ተሰልፌ ሰዎች ሲታጠቡ አይ ነበር። ሁለት ሰከንድ። እጅ ማርጠብ፣ ማራገፍ፣ መግባት። ሳሙናው የኮሮናን የስብ ሽፋን የሚያፈርስ ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን 20 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ሳኒታይዘርም እጅ ላይ እስኪደርቅ ድረስ መታሸት አለበት። ሰው ግን ሱሪው ላይ ይጠርገዋል። በነገራችን ላይ 70 በመቶ አልኮል ከንጹህ አልኮል ይሻላል። ውሃው ጀርሙ ውስጥ እንዲገባ ይረዳዋል፤ ቶሎ ተኖ እንዳይጠፋም ያቆየዋል። እዚህም ጊዜ ነው የሚገዛልን።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ የአክስቴን ልጅ ማሳመን አቅቶኝ ነበር። ቲቢ ታሞ መድኃኒት ጀመረ። ሁለተኛው ወር ላይ ሳሉ ጠፋ፣ ኪሎ ጨመረ፣ መድኃኒቱን ተወ። "ድኛለሁ እኮ፣ እይኝ" ይለኛል። ዓይኔ የሚያየው እውነት ነበር፤ አምሮበታል። የቲቢ ባክቴሪያ ግን እንደ ኢ ኮላይ አይደለም። አንዱ ሁለት ለመሆን ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። ቀርፋፋ ነው፣ የሚተኛም አለው። መድኃኒቱ 6 ወር የሚወሰደው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የሚሞቱት ብዙዎቹና ንቁዎቹ ናቸው፤ ሕመሙም ያኔ ይቀላል። የሚቀሩት የተኙትና መድኃኒቱን መቋቋም የሚችሉት ናቸው። ያኔ ካቆምን ሜዳውን የምንለቀው ለነሱ ነው። ሳሉ ተመለሰ። እንደገና ተመርምሮ ጀመረ። በዚህኛው ዙር ጤና ጣቢያ እየሄደ ባለሙያ ፊት ዋጠ፣ እስከ መጨረሻው ቀን። ዛሬ ደህና ነው። ያኔ በየሳምንቱ ስደውልለት የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስንት ቀን ቀረህ?

ባለፈው ሳምንት እናቴ ደወለች። እህቴ ወልዳ እሷ ጋ ነች። ለሕፃኗ ውሃ እያፈላች ነው። ስልኩ ውስጥ የጀበናው ይሁን የድስቱ የማይለይ መንተክተክ ይሰማኛል።

"ፈላ" አለችኝ። "ላውርደው?"

አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲያቆዩት ይመከራል። ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ነው። ነገርኳት። መነጽሯን ስላላደረገች ሰዓቱን ማየት አልቻለችም።

"እሺ፣ እንደ እማዬ አደርጋለሁ" አለች።

ስልኩን አልዘጋችውም። ቀስ ብላ ጀመረች። አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ። ከኋላዋ ውሃው ይንተከተካል። እኔም አብሬያት በጣቴ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ስድስት እስኪሞላ ሁለታችንም ሌላ ነገር አላወራንም።